997 ተመለሰ ማለት ትዕዛዙ ገባ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንዲት ልጅ፣ ኢዲአይ ላይ (ድርጅቶች ትዕዛዝና ሌላ ሰነድ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚለዋወጡበት መንገድ ነው) ሥራ ከጀመረች ገና ነው፣ "ፓርትነራችን 997 መልሶልናል፣ ውስጡም 'ኤ' ነው የሚለው፣ እንግዲህ ትዕዛዙን ተቀብለውታል አይደል?" ብላ ጻፈችልኝ። አይ፣ አይደለም። 997 ፓርትነሩ፣ ማለትም ፋይሉን የላካችሁለት ድርጅት፣ ሲስተሙ የሚመልሰው የደረሰኝ መልእክት ነው፣ 'ኤ' ደሞ ፋይሉ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው። ፋይላችሁ ደርሷል፣ አጻጻፉም ልክ ነው ማለት ነው፣ በቃ። ግን ጥያቄዋ የድሮ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝና ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ሥራ የጀመርኩበት ድርጅት ለትልልቅ መደብሮች ዕቃ ያቀርብ ነበር። ትዕዛዝ በ850፣ በግዢ ትዕዛዝ ሰነዱ ማለቴ ነው፣ ይመጣል፣ ፋይሉን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ትራንስሌተሩ፣ ፈትቶ ወደ ሲስተማችን ያስገባዋል፣ 997 በራሱ ጊዜ ይመለሳል፣ መጋዘን ውስጥ የጭነት ወረቀት ይታተማል። መሃል ላይ የሰው እጅ የለበትም፣ ይሄ ነበር ኩራታችን። መጋዘኑን የሚመራው ሰው ዕድሜው ገፋ ያለ ነው፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ ከኮምፒውተር ጋር ብዙም አይዋደድም፣ ደንበኞቹን ግን በትዕዛዛቸው ነው የሚያውቃቸው፤ የደንበኛውን ስም ሸፍናችሁ ወረቀቱን ብትሰጡት ብዛቱን ብቻ አይቶ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

አንድ ቀን ከትልቁ ደንበኛችን በመጣ ትዕዛዝ ላይ 20 የሚል ቁጥር አየ። ወረቀቱን ይዞ እኛ ክፍል መጣና "እነዚህ ሰዎች 20 ፍሬ አዘው አያውቁም፣ ሲያዙ በመቶዎች ነው፣ እስቲ ደውላችሁ ጠይቁልኝ" አለ። ኃላፊያችን ስክሪኑን አዞረለትና "ይኸው ይዩት ጋሼ፣ ምንም ኤረር የለም፣ 997ቱም በ'ኤ' ሄዷል" አለው። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነኝ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጋሼ ትንሽ ቆመ፣ የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ተወው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። 20 ፍሬ ተጫነ። ጭነቱን ቀድሞ የሚያሳውቀው 856ም 20 ብሎ ሄደ።

ደንበኛው ለካ ያዘዘው 20 ካርቶን ነው። አንዱ ካርቶን 24 ፍሬ ይይዛል፣ 480 ፍሬ ሲጠብቁ 20 ደረሳቸው። መደርደሪያቸው ባዶ ቀረ፣ ጭነት አጎደላችሁ ብለው ከክፍያችን ላይ ቅጣት ቆረጡ፣ እኛ ጋ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው ላይ የተባለው መጋዘን ነው ያጎደለው ነው። ጋሼ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ "20 ይላል፣ 20 ጫንኩ፣ ደሞም ጠይቁ ብዬ ነበር" ቢል ማን ሰምቶት። ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቆ ሄደ።

ነገሩ የታወቀው ከዛ በኋላ ነው፣ አንድ ልጅ ለሌላ ጉዳይ ጥሬውን ፋይል ከፍቶ ሲያይ። ፒኦ1 የሚባለው ሴግመንት፣ የታዘዘውን ዕቃ ዝርዝር የሚይዘው መስመር፣ ላይ 02ኛው ቦታ ብዛቱ ነው፣ 03 መለኪያው። ከዛ ደንበኛ ለዓመታት ሲመጣ የነበረው 'ኢኤ' ነው፣ ነጠላ ፍሬ ማለት፣ ስለዚህ ማፒንጉን፣ ከፋይሉ የቱ ወደ ሲስተማችን የት እንደሚገባ የሚወስነውን፣ መጀመሪያ የሠራው ሰው 03ን ምን ያነበኛል ብሎ 'ፍሬ' ብሎ ቸክሎበት ሄዷል። ደንበኛው የግዢ ሲስተሙን ሲቀይር 'ሲቲ' መላክ ጀመረ፣ ካርቶን። ስታንዳርዱ ይፈቅድለታል፣ አጻጻፉ ንጹህ ነው፣ 997 ታዲያ ምን ይበል? ፋይሉ ውስጥ እውነቱ በሁለት ፊደል ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፣ ሰውየው ሲከሰስም እዛው ነበር። ማፒንጉ በግማሽ ቀን ተስተካከለ። ጋሼን ግን ይቅርታ የጠየቀው የለም፣ እኔም በኋላ ላገኘው ፈልጌ ስልኩ አይሠራም ነበር። ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ 855 ብንልክ ኖሮ፣ የትዕዛዝ ማረጋገጫው ማለቴ ነው፣ "20 ፍሬ፣ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን" ብሎ ሲደርሳቸው ገዢያቸው ወዲያው ይጮህ ነበር። ደንበኛው አላስገደደንም፣ እኛም አልሠራነውም። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች አታምታቷቸው፦ በኤኤስ2፣ ፋይል በኢንተርኔት በሚላክበት አንዱ መንገድ፣ ከላካችሁ የሚመለሰው ኤምዲኤን የሚባል ደረሰኝ ፋይሉ ሳይነካ ደርሷል ነው የሚለው፣ 997 ሰዋስው ልክ ነው ይላል፣ ንግዱን የሚናገረው 855 ብቻ ነው። እስካሁን ያወራሁት በአሜሪካው ስታንዳርድ በኤክስ12 ነው፣ ዓለም አቀፉ ኤዲፋክት ላይ ከሆናችሁ 997ን ኮንትርል፣ 855ን ኦርደርስፕ ይሉታል፣ ነገሩ ያው ነው።

የዛሬ ልጆች ደሞ ኢዲአይ ሲባል ፊታችሁን ታኮሳትራላችሁ፣ የአያቶች ነገር፣ ኤፒአይና ጄሰን የሚባሉ አዳዲስ የመረጃ መለዋወጫዎች እያሉ ምናምን። እውነት ነው ያረጀ ነው፣ እንደውም ከምታስቡት በላይ። መነሻው የ1948ቱ የበርሊን አየር ድልድይ ነው ይባላል፣ ኤድ ጊልበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰው ያን ሁሉ ጭነት በየቋንቋውና በየፎርሙ መከታተል ሲያቅተው በቴሌክስም በስልክም የሚላክ አንድ ወጥ የጭነት ዝርዝር አወጣ። ኤክስ12 በ1979 ኮሚቴው ከተቋቋመ በኋላ መጣ፣ ኤዲፋክት በ1987። ጊልበርት ኮምፒውተር አልነበረውም እኮ! ሁሉንም ሰው ቁጭ አድርጎ ይቺ ቦታ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው ብሎ ማስማማት ነው የሠራው። ጄሰን ውስጥ 'ኳንቲቲ 20' ብላችሁ ብትልኩት 20 ምን? ፎርማት በመቀየር የሚፈታ ችግር አይደለም። ስፔክ፣ የፋይሉን መመሪያ ሰነድ፣ በማንበብ ግን ከኛ ትበልጣላችሁ፣ ያንን ልመስክርላችሁ፣ እኛ ፈርተን የማንከፍተውን መቶ ምናምን ገጽ እናንተ ጠዋት ጀምራችሁ ማታ ትጨርሱታላችሁ።

ስለ ሰርተፊኬት ማብቂያ ቀን፣ ስለ ባክአፕ አልመክራችሁም፣ እሱን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምለው ደውሉ ነው። ቁጥር ሲገርማችሁ ቲኬት ከፍታችሁ ሦስት ቀን አትጠብቁ፣ ፓርትነሩ ጋ ያለውን ገዢ ስልክ ያዙ። ደሞ በስልክ የተባለን ነገር አትመኑ፣ በኢሜይል አስጽፉት፣ እኔ በስልክ "እሺ ካርቶን ነው" ተብሎ በኋላ "ማን አለ" የተባለበትን ስንቴ አይቻለሁ። የተጣረሰብኝ እንደሆነ ይጣረስ፣ ሁለቱንም አድርጉ።

አዲስ ፓርትነር ስታስገቡ ደግሞ ሳምፕል ፋይል ብቻ ይዛችሁ ቴስት አታድርጉ፣ ሳምፕል ሁሌም ቆንጆ ነው። ባለፉት ወራት የመጡ እውነተኛ ትዕዛዞችን ለምኑ፣ የተሰረዘውን፣ መለኪያው የተቀላቀለበትን፣ አንዱ መስመር ወደ ሌላ መጋዘን የሚሄደውን። ውጤቱን ለራሳችሁ ክፍል ሳይሆን ለሚጭነው ሰው አሳዩት፣ ወረቀቱ ላይም መለኪያው ከቁጥሩ ጎን ይታተም። ያ ሁሉ አልቆ ወደ ፕሮዳክሽን፣ ወደ እውነተኛው ሥራ፣ ስትገቡ አይኤስኤ15 ላይ፣ የፋይሉ መክፈቻ መስመር 15ኛ ቦታ ማለት ነው፣ ያለው 'ቲ' (ቴስት) ወደ 'ፒ' (ፕሮዳክሽን) መቀየሩን እዩ፣ 'ቲ' ሆኖ ከሄደ ያኛው ወገን ቴስት ነው ብሎ ትዕዛዛችሁን ሊተወው ይችላል፣ አንዳንዱ ሲስተም ደሞ እሱንም በ997 'ኤ' ብሎ ይመልስላችኋል።