ኮሚክስ የጀመረው የት ነው?

«ኮሚክስን የፈጠሩት የአሜሪካ ጋዜጦች ናቸው ይባላል፤ የኛ የንግሥተ ሳባ ሥዕል አይቀድምም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ ለልጆች ኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ፣ መሣል እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔን ከጠየቅከኝ መነሻው ጄኔቫ ነው።

ሮዶልፍ ቶፕፈር የሚባል አስተማሪ ነበር። እንደ አባቱ ሠዓሊ መሆን ተመኝቶ የዓይን ሕመም ከለከለው። አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍቶ እያስተማረ፣ ተማሪዎቹን የሚያስቁ የሥዕል ታሪኮች መጫጫር ጀመረ። የመጀመሪያውን ረጅም ታሪክ የሣለው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው። ታላቁ የጀርመን ደራሲ ሽማግሌው ጎተ ሳይቀር አይቶ ወዶለታል።

የሳባን ሥዕል ስታይ ታሪኩን አስቀድመህ ታውቀዋለህ። ሥዕሉ ያስታውስሃል። ቶፕፈር ጋ ግን ቀጣዩን ሣጥን (በመስመር የታጠረውን ሥዕል) ካላየህ የሚመጣውን አታውቅም። «ሙሴ ዣቦ» የሚለውን ሥራውን ተመልከት። ሰውየው ትልቅ ሰው ለመምሰል ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ጉድ ይሆናል፤ ተነስቶ እንደገና ይገተራል። ከሥሩ ያችው ዓረፍተ ነገር ትደጋገማለች፦ ሙሴ ዣቦ ወደ አቋማቸው ተመለሱ። ጽሑፏን ብቻዋን ብታነባት አታስቅም። ሥዕሉም ብቻውን የቆመ ሰው ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በሳቅ ትፈርሳለህ።

እኔም ሥራዬን የምፈትነው በዚሁ ነው። ጽሑፉን በእጄ እሸፍናለሁ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከሄደ ጽሑፉ ትርፍ ነው፣ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ያኔ ሥዕል የሚታተመው ከድንጋይ ላይ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ሰው፣ ሲታተም ስለሚገለበጥ፣ ፊደሉን ገልብጦ መጻፍ ነበረበት። ቶፕፈር ግን በብዕር ልዩ ወረቀት ላይ ይሠራና ከወረቀቱ ወደ ድንጋዩ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ፊደሉም መስመሩም ከአንድ እጅ የወጣ ነው። ይሄ ቀላል እንዳይመስልህ! እኔ ሥዕሉን አስረክቤ ሌላ ሰው በኮምፒውተር ፊደል ሲሞላው ገጹ ወዲያው ይደርቅብኛል።

አሜሪካኖቹ ድርሻ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ከአፍ የሚወጣው የንግግር ክብ ራሱ በእንግሊዝ የፌዝ ሥዕሎች ላይ ቀድሞም ነበር፤ በተከታታይ ሣጥኖች ውስጥ ሥራ ሰጥተው በጋዜጣ ያስለመዱት ግን እነሱ ናቸው። ኦክቶበር 25 ቀን 1896 ሪቻርድ አውትኮልት በኒውዮርክ ጆርናል ላይ ያወጣውን፣ «ቢጫው ልጅ» የሚባለው ገጸ ባሕርይ ያለበትን ገጽ ፈልገህ እይ። የሸክላ ማጫወቻው ያወራል፣ ልጁ ይደነቃል፣ በመጨረሻ ከውስጡ በቀቀን ይወጣል። ልጁም በራሱ አፍ ይናገራል። ከዚያ በፊት ንግግሩ የሚነበበው ቢጫ ቀሚሱ ላይ ተጽፎ ነበር።