ይህ መጋዘን ሲኒማ ቤት ነበርን?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። አያቴ ዛሬ የእህል መጋዘን የሆነውን አንድ አሮጌ አዳራሽ ባለፉ ቁጥር፣ «አባቴ እዚህ ሲኒማ አይተዋል፤ ነጮቹ በዋናው በር፣ አገሬው በጎን በር ይገባ ነበር» ይላሉ። ጎረቤቶቻችን ግን ቤቱ ጥንትም መጋዘን ነበር ባዮች ናቸው። በላዩ ላይ ጽሑፍ የለም። እውነቱን እንዴት ልለይ? ሲኒማ ቤት ከነበረስ እንዴት እንዲህ ተረስቶ ቀረ?
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ የአያትዎ ቃል ከዘመኑ ታሪክ ጋር ይገጥማልና በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ሲቆዩ፣ ሲኒማ ለሰፋሪዎቻቸው መዝናኛ፣ ለአገዛዛቸውም የስብከት መሣሪያ ነበር፤ ሉቼ የተባለው የመንግሥታቸው የፊልም ተቋም በምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ክፍል ነበረው። ነጭንና ጥቁርን መለየቱም የአንድ ባለ ሲኒማ ቤት ፈቃድ ሳይሆን የአገዛዙ ሕግ ነበር። በ1931 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ለአገሬው በተመደበ የሕዝብ ቦታ የተገኘን ጣሊያናዊ እስከ መቅጣት ይደርስ ነበር። የሁለቱ በሮች ወሬ ከዚህ ዘመን የተረፈ እውነተኛ ትዝታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትዝታውን የሚያረጋግጥልዎ ግን ሕንፃው ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ከመግቢያው በላይ ያለውን የኋላ ግድግዳ ነው። የዚያን ዘመን ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያልፍ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ወደ 2,500 ሜትር ይረዝማል፤ 300 ሜትር የሚሆነው አንድ ጥቅል ደግሞ በ11 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ትርኢቱ እንዳይቋረጥ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመው ይፈራረቁ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ብርሃኑ የሚወጣበት አንድ፣ ሠራተኛው አዳራሹን የሚያይበት ሌላ ቀዳዳ ያስፈልገው ነበር። በከፍታ ላይ የተደረደሩ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካገኙ፣ ለእህል መጋዘን የማይፈለግ ነገር አግኝተዋል ማለት ነው።

ከቀዳዳዎቹ ኋላ ያለው ክፍልም ብዙ ይነግርዎታል። እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ በስፋት ይሠራበት የነበረው ፊልም ከናይትሬት የተሠራ በመሆኑ እሳት በቶሎ ይይዘዋል፤ አንዴ ከተያያዘ የሚነድበትን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ እንኳ መቃጠሉን አያቆምም። በዚህ ምክንያት የማሽኑ ክፍል በወፍራም ግድግዳና በብረት በር ከተመልካቹ ይለይ፣ የራሱም መውጫ ይበጅለት ነበር። የማሽኑ ብርሃን ሁለት የካርቦን ዘንጎች ተቀራርበው ሲነዱ የሚፈጠር ስለሆነ ለጭሱ ማስወጫ ያስፈልግ ነበር፤ ጣሪያው ላይ የቧንቧ ቀዳዳ ይፈልጉ። ወለሉ ወደ ፊተኛው ግድግዳ እየዘቀዘቀ የሚሄድ፣ የጎን ግድግዳዎቹም መስኮት የሌላቸው ከሆኑ ጥርጣሬው ይበልጥ ይቀንሳል።

እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ ቀን አልጠፉም። የከተማ ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ያደረገው አዋጅ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወጣ፤ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የማታውን ትርኢት ጎዳ፤ ኋላም ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ቤት ተመልካቹን ወሰዱ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝ አዳራሽ ፊልም እያመላለሱ ወንበሩን መሙላት ከባድ ነው፤ አዳራሹን ለእህል ማከራየት ግን ቀላል ነው።

ወደ መጋዘኑ ሲገቡ አያትዎን ይዘው ይሂዱ፤ አባታቸው የጎን በር ያሉት የትኛው እንደሆነ በእጃቸው ያሳዩዎት፤ ፎቶግራፍም ያንሱ። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ተለስነው ከሆነ የእጅ ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው በጎን ያብሩ፤ ከፊት ሲያበሩ የማይታየው የልስኑ ጠርዝ ያን ጊዜ ጥላ ጥሎ ይወጣል።