«ወፍ ቆጥሮ ማን በላ?»

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጠያቂዬ የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ በአካውንቲንግ ተመርቃ በአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ተቋም ገንዘብ ያዥ ሆና ትሠራለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሰፈሯ ልጆች ጋር ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወዳለ ረግረግ ትሄዳለች፤ ወፍ ይቆጥራሉ፣ እምቦጭ ይነቅላሉ፣ ፕላስቲክ ይለቅማሉ። አባቷ «ወፍ ቆጥሮ ማን በላ?» ይሏታል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ «እዚያ ሥራ ላይ ወፍ የለም» እያለ ይቀልድባታል። «ደመወዜ ትንሽ ነው፣ ልቤ ያለው ሐይቁ ዳር ነው። ሥራዬን ለቅቄ በጎ ፈቃዱን ሙሉ ጊዜ ልያዘው? ከዚያስ ማን ይቀጥረኛል? ማስተርስ ልማር ወይ?» ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ የወንድምሽ ቀልድ ሳያስቀኝ አላለፈም። መልሴን ግን ላስቀድም፤ ሥራሽን አትልቀቂ፤ ረግረጉንም አትተዪው። ይህን የምልሽ አባትሽንም አንቺንም ላለማስቀየም ብዬ አይደለም። ሌሎች ተወዳዳሪዎች የሌላቸው ነገር የሚኖርሽ ሁለቱን አብረሽ ስትይዣቸው ስለሆነ ነው።

በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ወፍ ቆጣሪ ይፈለጋል» የሚል አታገኚም። በአካባቢሽ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ደመወዝ የሚከፍሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የአካባቢ ጥበቃና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች፣ የጣናን ጉዳይ የያዘው ኤጀንሲ፣ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በውጭ ድጋፍ የሚካሄድ ፕሮጀክት። በእነዚህ በሮች ላይ ባዮሎጂ የተማሩት ቀድመውሽ ተሰልፈዋል፤ ከእነሱ ኋላ መቆም አያዋጣሽም። ነገር ግን ድጋፍ ሰጪ ያለው የጥበቃ ፕሮጀክት ሁሉ የሒሳብ ሰው ያስፈልገዋል። የመስክ አበል የሚያወራርድ፣ የጀልባ ኪራይ ደረሰኝ የሚያስተካክል፣ ለድጋፍ ሰጪው ሪፖርት የሚያዘጋጅ። ብዙዎቹ የሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ ረግረጉን በፎቶ እንጂ በእግራቸው አያውቁትም። ጀልባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለምን እንደተከራየ ለማስረዳት ባለሙያው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። አንቺ ጋ ይህ ክርክር አይነሳም፤ ወፎቹ ካደሩበት የሚነሱት ጎህ ሲቀድ መሆኑን ታውቂያለሽ። መግቢያ በርሽ ይህ ነው እላለሁ፤ ሒሳብ ይዘሽ ገብተሽ ከዚያ ወደ ፕሮጀክት አስተባባሪነት ማደግ።

ለዚህ ግን እስካሁን የሠራሽው ነገር በወረቀት ላይ መኖር አለበት። ስለ ቡድናችሁ በፍቅር ጽፈሽልኛል፤ ስለ መዝገባችሁ ግን አንድ ቃል የለም። «ብዙ ወፍ አየን» ብሎ የሚመለስ ቡድን የሽርሽር ቡድን ነው። ቀጣሪ ወይም ተመራማሪ የሚፈልገው ስንት፣ የት፣ መቼ የሚለውን ነው። አንቺ ደግሞ ቀኑ የሌለው ደረሰኝ ምን ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ታውቂያለሽ፤ የቆጠራ ደብተርም እንደ ገንዘብ መዝገብ ነው፣ ቀንና ፊርማ ከሌለው አይታመንም።

እንዴት እንደሚያዝ ልንገርሽ። ረግረጉን በሙሉ ለማዳረስ አትሞክሩ። አንድ መስመርና ሦስት አራት መቆሚያ ቦታዎች ምረጡ፤ ሁልጊዜ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ እንድትሆን መቆሚያውን ምረጡ፣ ፊት ለፊት ከሆነች ዳክዬው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። መንጋው ብዙ ሲሆን አሥሩን ወይም ሃምሳውን ቆጥረሽ በዓይንሽ ያዢና መንጋው የዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ ገምቺ፤ ግምት መሆኑን ግን ጻፊ። ያልለየሽውን ወፍ ስም አትስጪው፤ «ዳክዬ፣ ያልተለየ» ማለት ነውር የለውም፤ በተለይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች ሴቶቻቸው ልምድ ያለውንም ያሳስታሉ። ከወፎቹ ጎን የውሃውን ከፍታ፣ እምቦጩ የደረሰበትን፣ የከብቱንና የሰዉን ብዛት፣ አዲስ የታረሰ ዳርቻ ካለም እሱን መዝግቢ። ምንም ያላያችሁበትን ቀን አትዝለሉት። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር የነበረ ወፍ ዘንድሮ ዜሮ ሲሆን ያ ዜሮ ትልቅ መረጃ ነው።

አንድ ጊዜ የተቆጠረ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም። ፍልሰተኞቹ ወፎች ከመስከረምና ጥቅምት ጀምሮ ይገባሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይወጣሉ። ይህን ዑደት ሁለት ሦስት ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ የያዘ ቡድን ካለ ዩኒቨርሲቲውም የምርምር ማዕከሉም በሩን ይከፍትለታል፤ ተማሪዎቻቸው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያገኙት ጊዜ አጭር ስለሆነ ረዘም ያለ መረጃ ይርባቸዋል። ኢ-በርድ የሚባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ያለ ኔትወርክም ይመዘግብልሻል፤ ከተማ ስትገቢ ይልከዋል። ስምሽና ቀኑ አብሮ ስለሚቀመጥ፣ ነገ ቃለ መጠይቅ ላይ ስልክሽን አውጥተሽ የምታሳዪው ማስረጃ ነው። ደብተሩን ግን አትጣዪ፤ ስልክ ውሃ ውስጥ ይወድቃል።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ፣ በእኛ ጥር መጀመሪያ ገደማ፣ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር በወፍ ሥራ የቆየ ስም አለው። ከኅዳር ቀድመሽ ጻፊላቸውና መስመራችሁን፣ ያላችሁን መዝገብና የቡድኑን አባላት ብዛት ንገሪያቸው። «ፍቅር አለን፣ አሠልጥኑን» ብቻ የሚል ደብዳቤ በየቀኑ የሚደርሳቸው ይመስለኛል፤ ከኋላው የስድስት ወር ቆጠራ የተያያዘበት ግን ይለያል።

የቆማችሁበት ስፍራ ተራ አይደለም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። በስተምሥራቅ ፎገራ ላይ ያሉት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች በጋውን የሚያሳልፉባቸው ናቸው። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ቀን ከማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፣ አንዳንዴም የገበሬውን ሽምብራ ይደፍራሉ። ዘውዳሙ ጥቁር ክሬን ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ እዚሁ በክረምት ይፈለፍላል። ስለዚህ በክረምት ደንገልና ሣር ውስጥ እየገባችሁ ጎጆ አትፈልጉ፤ ክሬን ባደረበትም አትቅረቡ። ወፍ ለማየት ብሎ ወፍ ማባረር ጀማሪን የሚያስገምት ነገር ነው። እግረ መንገዴን ስለ ገበሬው ልበልሽ፤ ስለ ወፍ ስታወሪ ሽምብራውን የተበላበትን ሰው ረስተሽ ካወራሽ ስብሰባው ላይ የሚሰማሽ የለም። የምትሠሪበት ተቋም ለገበሬ የሚያበድር ከሆነ፣ ይህን ቋንቋ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

ስለ እምቦጭ ዘመቻ ያለኝን በግልጽ ልናገር። ቲሸርት ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ የሚመለስ የአንድ ቀን ዘመቻ የሥራ ልምድ ተብሎ ሲጻፍ አልወድም። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ጀምሮ ሕዝቡ ስንት ጊዜ ወጥቶ ነቅሎታል። አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ይበቅላል። የተነቀለው ዳር ላይ ከተከመረና ውሃው ከሞላ ተመልሶ ይገባል። እናንተ ከምትነቅሉበት ቦታ አንዲት ትንሽ ዳርቻ ለዩ፤ ከመንቀል በፊትና ከወር በኋላ ከአንድ ቦታ ፎቶ አንሱ፣ የነቀላችሁት የት እንደተጣለ ጻፉ። እንዲህ ከሆነ ልምድ ነው እላለሁ።

ስለ ዕቃ ጠይቀሽኛል። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር (ባይኖኩላር) ከገዛሽ 8 በ42 የሚባለው ይሻላል። 8 ማጉያው ነው፣ 42 ደግሞ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር፤ ጎህ ሲቀድ ብርሃን ይሰበስባል፣ እጅም አያንቀጠቅጥም። ለቡድኑ አንድ በጋራ መግዛት ይበቃል። ያለ ፕላስቲክ ቦት ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለና ደንገል ውስጥ አትግቡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚህ ጊዜ መነጽርና ካሜራ አንጠልጥሎ ብቻ መሄድ ለጥያቄ ይዳርጋል። ከቀበሌው ደብዳቤ ያዙ፣ ድልድይና ጥበቃ ያለበት ቦታ አካባቢ ዕቃውን አታውጡ፣ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቅዳሜ ደግሞ ቤታችሁ ዋሉ። መዝገቡ ላይ «በጸጥታ ምክንያት አልተቆጠረም» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

አስጎብኚነትን እንደ አማራጭ አንስተሽ ነበር። ወደ ገዳማቱ የሚወስድ አስጎብኚ ባሕር ዳር ሞልቷል፤ የዘጌን ጫካ ወፎች በድምፃቸው የሚለይ ግን ጥቂት ነው። ስሞቹን በእንግሊዝኛና በሳይንሳዊ ስማቸው መያዝ ይጠይቃል፣ ከባድ አይደለም። ነገር ግን እንግዳው በሳሳበት በዚህ ወቅት የቤት ኪራይሽን በዚህ ላይ አታሳርፊ። በትርፍ ጊዜሽ ተማሪው፣ ገበያው ሲመለስ ዝግጁ ሆነሽ ያግኝሽ።

ሲቪሽ ላይ «ለተፈጥሮ ከፍተኛ ፍቅር አለኝ» የሚለውን ሰርዢው። በምትኩ፣ እውነት ሲሆን፣ እንዲህ በዪ፦ «ከመስከረም እስከ መጋቢት በወር ሁለት ጊዜ በአንድ ቋሚ መስመር የውሃ ወፎችን ቆጥሬያለሁ፤ የቡድኑን መረጃ በኤክሴል አደራጅቻለሁ፤ የቡድኑን መዋጮና ወጪ በመዝገብ ይዣለሁ።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትናቂያት። የቡድኑን ገንዘብ እስካሁን ሌላ ሰው ከያዘው ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ አንቺ ተረከቢው።

አባትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ አትሞክሪ። ደመወዝሽ እየገባ እስከሆነ ድረስ ቅዳሜሽን ይተዉልሻል።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ አሁን አትመዝገቢ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዑደት ቁጠሪ። ከዚያ በኋላም ፍላጎትሽ ካልቀዘቀዘ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ፣ የውሃ አዘል መሬትና የዱር እንስሳት አያያዝ የሚያስተምር ክፍል አለው። ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት ግን ሬጅስትራር ሄደሽ የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ መግባት እንደሚቻልና ስንት ተጨማሪ ኮርስ እንደሚያስወስዱሽ ጠይቂ፤ በቃል ከመለሱልሽም በጽሑፍ እንዲሰጡሽ አድርጊ።