የሽጉጥ ጥይት ለሚጎርስ ጠመንጃ ቦልት ይሻላል ሊቨር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 357 ማግነም ሪቮልቨር አለኝ፣ ፈቃዱም በእጄ ነው። አሁን ያንኑ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ልጨምር አስቤያለሁ። የምተኩሰው ዒላማ ብቻ ነው፣ ከ50 እስከ 100 ሜትር። ግራኝ ነኝ። ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለው ጆሮዬን አደነቆሩት፤ ግማሾቹ «ቦልት አክሽን ግዛ፣ አይስትም» ይላሉ፣ ግማሾቹ ሊቨር አክሽን ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ባዮች ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?
ግራ የገባው ግራኝ

መልስ፦ ወንድሜ ግራኙ፣ ሳልዞር ልንገርህ፤ ሊቨሩን ግዛ፣ ማለትም ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተህ እየመለስክ የምታቀባብለውን።

«አይስትም» ከሚሉት ልጀምር። ቦልት አክሽን፣ ማለትም ያ እንደ ምንሽር በእጅ እየሳብክ የምታቀባብለው፣ ስሙን ያተረፈው በትልልቅ የጠመንጃ ጥይቶች ነው። ቦልቱ ከፊት ተቆልፎ ትልቅ ግፊት ይችላል፣ አይነቃነቅም፣ በ300 እና በ400 ሜትር ላይ ይሄ ነገር ይታያል። 357 ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ከፍተኛ ግፊቱ 35,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ የዘመኑ የጠመንጃ ጥይቶች 60,000 አካባቢ ናቸው። እርሳሱም አጭርና አፍንጫው ደነዝ ስለሆነ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ 100 ሜትርን ካለፈ በኋላ በደንብ መውረድ ይጀምራል። ቦልቱ የሚኮራበት ርቀት ላይ ጥይቱ ራሱ አያደርስህም። በ100 ሜትር ደህና ሊቨርንና ደህና ቦልትን የኔ እጅ አይለያቸውም፣ እውነቱን ለመናገር ያንተም መለየቱን እጠራጠራለሁ።

ፍጥነቱ ግን ያስደስትሃል። 10 ግራም ገደማ የሚመዝነው የተለመደው የ357 እርሳስ ከ4 ኢንች ሪቮልቨር ሲወጣ በሰከንድ 370 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ያው ጥይት ከ18 ኢንች አፈሙዝ ሲወጣ ከ500 ሜትር ያልፋል። ባሩዱ ነዶ ለመጨረስ ቦታ አገኘ ማለት ነው። ይሄ በሁለቱም ዓይነት ጠመንጃ ያው ነው፣ ስለዚህ ለምርጫው አይረዳህም።

የሚረዳህ ግራኝነትህ ነው። የአብዛኛው ቦልት እጀታ በቀኝ ነው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወይ እጅህን ከላይ አሻግረህ ትስባለህ፣ ወይ ጠመንጃውን አውርደህ። የሊቨሩ ማንሻ መሀል ላይ ስለሆነ ግራና ቀኝ አያውቅም፣ ጉንጭህን ከሰደፉ ሳታነሳ ታቀባብላለህ። በዊንቸስተር 1892 እና እሱን እየመሰሉ በሚሠሩት ላይ ቀለሁ ወደላይ ነው የሚወጣው። ማርሊን 1894 ወደ ቀኝ ይተፋል፤ ላንተ በፊትህ ያልፋል ማለት ነው፣ ግን ጀርባው ድፍን ስለሆነ ቴሌስኮፕ ለመግጠም እሱ ይቀላል። ቴሌስኮፕ የግድ ካልክ ማርሊኑ፣ በዓይንህ የምታልም ከሆነ ዊንቸስተር 1892ቱ።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። እኔ መጀመሪያ ሊቨር የያዝኩ ቀን ማንሻውን እንደ እንቁላል እያባበልኩ ነው የገፋሁት። ግማሽ መንገድ ላይ መለስኩት፣ ጥይቱ አፉን ወደላይ አንጋጦ ተሰነቀረ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «አትለምነው፣ እዘዘው» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ግፋ፣ እስከ መጨረሻው መልስ። ጥይት ስታጎርስም በቀኝ ጎኑ ያለችው በር ስፕሪንጓ ጠንካራ ነው፣ የአውራ ጣትህን ጥፍር ትነክሳለች። ዘዴው እያንዳንዱን ጥይት ጨርሶ አለማስገባት ነው፤ ቂጡን ትንሽ አስቀርተህ በሚቀጥለው ጥይት አፍንጫ ግፋው። የመጨረሻዋን ብቻ በጣትህ ትጨርሳታለህ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የሊቨሩ ጥይቶች ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ነው የሚቀመጡት፣ የአንዱ አፍንጫ የፊተኛውን ቂጥ ነክቶ። እዚያ ቂጥ መሀል ላይ ያለው መቀጣጠያ ነው፤ ስትተኩስ በሚመጣው ግፊት ሹል አፍንጫ ከወጋው ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሹል እርሳስ ያለው ጥይት አታስገባ፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውን ግዛ።

አጠር ያለው የ357 ዘመድ፣ 38 ስፔሻልስ? በ357 ጠመንጃ ይተኮሳል፣ ርካሽም ለስላሳም ነው። ግን ቀለሁ በ3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚያጥር ከፊቱ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል፣ ካላጸዳኸው በኋላ 357ቱ አልገባ ይልሃል። አንዳንድ ሊቨሮች ደግሞ አጭር ጥይት ሲሰጧቸው ያኮርፋሉ። ከመግዛትህ በፊት በሁለቱም ሞክረው።

ቦልትን ጨርሼ አልጣልኩትም። በደረትህ ተኝተህ ወይም ክርንህን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ የምትተኩስ ከሆነ የሊቨሩ ማንሻ መሬቱን ይመታል፣ ያናድዳል። ቦልቱን መዘህ ከኋላ በኩል ትወለውለዋለህ፣ ሊቨርን ብዙ ጊዜ ከአፈሙዙ ነው። ማራገፉም ይቀላል፤ የሩገር 77/357 ባለ 5 ጥይት ካዝናውን ስትነቅል አለቀ፣ በአፈሙዙ ውስጥ የቀረች አንድ እንዳትኖር ማየት ብቻ። በብዙዎቹ ሊቨሮች ግን ቱቦው እስኪያልቅ አንድ በአንድ እያቀባበልክ ታወጣለህ፣ ሲመስልህ አልቋል፣ አንዷ ቀርታለች። ሁለቴ እይ።

ጥያቄ፦ የኔ ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር ነው። እኔም ሊቨር ልግዛ?
አጭር ጠያቂ

መልስ፦ ላንተ ቦልቱ ይቀላል። የሪቮልቨር ጥይቶች ቂጣቸው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አላቸው፣ ሊቨሩ የተፈለሰፈው እሱን ይዞ እንዲስብ ነው። የ9 ሚሊዋ ከንፈር ከቀለሁ ጋር እኩል ነው፣ የተሠራችውም ለሽጉጥ ካዝና ነው። የሽጉጥ ካዝና የሚጎርስ ቦልት ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሊ ኤንፊልድን ቆርጠው 45 ኤሲፒ የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት እንዲጎርስ አድርገውት ነበር፣ ዴ ሊዝል ይባላል፣ የኮልት ሽጉጥ ካዝና ነበር የሚጎርሰው። ከድምፅ ማፈኛው የተነሳ ከተኩሱ ይልቅ ቦልቱን ሲስቡት ነበር አሉ የሚሰማው።

ልትገዛ ስትሄድ የራስህን ሽጉጥ ካዝና ባዶውን ይዘህ ሂድ። ካልገባ ወይ ከላላ ብር አትቁጠር።