መልስ፦ ከሳህኑ ሥር ያለው የቻይና ጽሑፍ ዕድሜውን ይናገራል ወይ?

አይ፣ ጽሑፉ ብቻውን ዕድሜውን አይነግርሽም። ልትገዢው ያሰብሽው የቻይና ሸክላ ሳህን ሥር ያሉት ስድስት ፊደላት «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመን የተሠራ» ቢሉም፣ 500 ዓመት ያለፈው ነው ብለሽ እንዳትገዢው። ቼንግኋ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሲሆን፣ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1465 እስከ 1487 ነበር። በሸክላ ሥራዋ የታወቀችው የቻይና ከተማ የጂንግዴጄን ሠሪዎች ግን ከ200 ዓመት በኋላም፣ በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ጊዜ፣ ይህንኑ ስም ይጽፉ ነበር። ለቀደሙት ጌቶች ክብር ብለው የሚጽፉም ነበሩ። ዛሬም ይጻፋል።

ይልቅ ገልብጪውና ሳህኑ የሚቆምበትን ቀለበት እዪ። ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ስለማይቀባ ራቁቱን ሸክላ የምታዪው እዚያ ነው። ቀስ ብለሽ በጣትሽ ዳስሺው። ለረጅም ዘመን ያገለገለ ዕቃ መፋቁ ወጥ አይሆንም፤ አንዱ ጎን ለስልሶ ሌላው ሻካራ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን እኩል ቡናማ ከሆነ ግን ተጠራጠሪ፤ አሮጌ እንዲመስል ሆን ተብሎ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሰማያዊውን ሥዕል በማጉያ መነጽር እዪ። በብሩሽ የተሣለ ኮባልት (ሰማያዊው ቀለም) ቦታ ቦታ ይጠቁራል፣ ቦታ ቦታ ይሳሳል። ጥቃቅን ነጠብጣቦች በረድፍ ካየሽ በማሽን የታተመ ነው። እዚያው አስቀምጪው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከገዛሽው በኋላ ቀለበቱ ላይ ያለውን እድፍ በበረኪና እንዳትፈትጊው። ሰዎች «አጸዳነው» ብለው የሚያመጡትን ዕቃ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ገማቹ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንኑ የጠፋውን ምልክት ነው። በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።