ተሰብሮ የደረሰ ዕቃ፦ ማን ይክፈል? በስንት ቀን? በምን ማስረጃ?

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ሁሉም ቤት ድረስ መጥተው ጉዳት የተገኘባቸው ዕቃዎችን ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ገዝቼ ድሬዳዋ ሳቢያን ወዳለው ቤቴ በአይሱዙ አመጡልኝ። ጫኝና አውራጆቹ ስለተቻኮሉ በካርቶኑ እንዳለ «ተረክቤአለሁ» ብዬ ፈረምኩ። በማግስቱ ስከፍተው ከኋላ በኩል ታችኛው ጥግ ጎድጉዷል። ሞተሩ ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም። ባለሱቁ መጀመሪያ «ፈርመህ ተረክበሃል» አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ «የመብራት መመላለስ ነው ያቃጠለው» አለኝ። ግድግዳው ላይም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ከገዛሁ 6 ቀን ሆኖኛል።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀን ይቁጠሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን ጊዜ 15 ቀን አድርጎታል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ነው። ስለዚህ የቀረዎት 9 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ባለሱቁን በቃል መለማመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄዎ በጽሑፍ እጁ መግባት አለበት። «ቅዳሜ ና፣ ጌታው የለም» እየተባለ 15ቱ ቀን የሚያልቅበት ሰው ብዙ ነው።

ፊርማዎ መብትዎን አላጠፋም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢም ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መመርመርና ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እርስዎ በማግስቱ ከፍተው አይተዋል፣ ነግረዋልም። በታሸገ ካርቶን ላይ የተፈረመ ፊርማ ካርቶኑን መረከብዎን ያሳያል እንጂ በውስጡ ያለው ደህና መሆኑን አይመሰክርም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውም ሐሳባቸውን ቀይረው ዕቃ ለሚመልሱ ሰዎች ይሠራ ይሆናል፤ ተበላሽቶ ለደረሰ ዕቃ ግን ሕግ የሰጠውን ዋስትና አይሽርም።

«መብራት ነው» ለሚለው መልሱ ያለው ፍሪጁ ላይ ነው። በመብራት መመላለስ የተጎዳ ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይም «ቀጭ» ብሎ ለመነሳት ሞክሮ በጥቂት ሰከንድ ይጠፋና ይህንኑ ይደጋግማል፣ ወይም ቦርዱ ይሞትና መብራቱም አይበራም። የእርስዎ ሞተር ግን ያለማቋረጥ ይሠራል፣ አያቀዘቅዝም። ይህ በአብዛኛው ጋዙ መውጣቱን ያመለክታል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የፍሪጁን ጎኖች ወይም ከኋላ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በእጅዎ ይንኩ። ደህና ፍሪጅ እዚያ ላይ ይሞቃል፤ ጋዙ የወጣበት አይሞቅም። ፍሪዘሩ ውስጥም ወይ ምንም በረዶ አይያዝም፣ ወይ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ስስ በረዶ ይታያል። ከዚያ የጎደጎደውን ጥግ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ቀጭኑ የመዳብ ቱቦ ተጣሞ ወይም ዙሪያው ቅባት ነክቶት ካዩ ለመመታቱ ጥሩ ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። በክብሪት ግን አይፈልጉ። የዛሬ ፍሪጆች አብዛኞቹ የሚሠሩበት ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ሲያፏጭ ከሰሙ ሶኬቱን እንዳለ ይተዉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ይመለሱ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ፍሪጁ ተኝቶ ተጉዞ ከሆነ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ ወዲያው ከተሰካ በደንብ ላያቀዘቅዝ፣ ሞተሩም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ይንቀሉት፣ 24 ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ ባዶውን ሰክተው ሌላ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ውስጡ ወደ 4 ዲግሪ፣ ፍሪዘሩ ወደ 18 ከዜሮ በታች ካልወረደ ጉድለቱ እርግጥ ነው። እንዲህ ካደረጉ ባለሱቁም «አልጠበቅክም» የሚልበት አፍ አይኖረውም። እግረ መንገድዎን ከውስጥ ወይም ከጀርባ የተለጠፈውን ምልክት ያንብቡ። «ኤን» የሚለው መደብ እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ክፍል እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ለድሬዳዋ ሙቀት የመጀመሪያው አይሆንም፤ ምንም ሳይሰበር እንኳ በድካም ነው የሚያቀዘቅዘው።

ባለሱቁ «ባለሙያ ልላክና ጋዝ ይሙላልህ» ቢል አይቀበሉ። የተመታው ቱቦ ሳይለወጥ የሚሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። በዚያ ላይ አንዴ የተከፈተ ፍሪጅ «ተነካክቷል» ይባላል፣ ማስረጃዎም አብሮ ይጠፋል። በራስዎ ባለሙያም አያስከፍቱት። አዋጁ የሰጠዎት ምርጫ መቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ነው፤ በአዲስ ዕቃ ከዚህ በታች መቀበል የለብዎትም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ቀን ____
ለ____ የቤት ዕቃ መሸጫ
ጉዳዩ፦ ተጎድቶ የደረሰኝ ፍሪጅ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ
በቀን ____ በደረሰኝ ቁጥር ____ በብር ____ የገዛሁት፣ መለያ ቁጥሩ ____ የሆነ ፍሪጅ በቀን ____ በእናንተ መኪና ደርሶኛል። በማግስቱ ከካርቶኑ ሳወጣው የኋላ ታችኛው ጥጉ ተመትቶ አገኘሁት፤ አያቀዘቅዝም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በ3 ቀን ውስጥ በሌላ እንዲቀየርልኝ ወይም የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። 5 ፎቶግራፎች አያይዣለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይጻፉት። አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ የተቀባይ ስም፣ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም ያስደርጉ። አልቀበልም ካሉ ሁለት ምስክር ባለበት ሰጥተው የምስክሮቹን ስም ቅጂው ላይ ይጻፉ፣ ያንኑ ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ለሱቁ ስልክ ይላኩ። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ቅጂውን፣ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዘው ወደ ከተማው ንግድ ቢሮ ሄደው ለሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤት ይበሉ። በፌዴራል ደረጃ ሥራውን ይዞ የነበረው ባለሥልጣን ፈርሶ ኃላፊነቱ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ ለእርስዎ ግን የቅርቡ በር የድሬዳዋው ቢሮ ነው። ካርቶኑንና ፎሙን እስከዚያ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። 55 ኢንች ቴሌቪዥን «እስከ ቤት ድረስ እናደርሳለን» ብለው ሸጡልኝ። መኪናው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አውርዶት ሄደ። ሁለት ተሸካሚ ቀጥሬ አስገባሁት። ቤት ስከፍተው ላዩ ደህና ነው፣ ሲበራ ግን ግማሹ ጥቁር ነው፣ መስመር መስመርም ይታያል። ማን ነው ተጠያቂው?

መልስ፦ ቁም ነገሩ ርክክቡ የት እንዲሆን ተስማምታችሁ ነበር የሚለው ነው። ዕቃ እስኪረከቡ ድረስ የጉዳቱ ስጋት የሻጩ ነው፣ ከርክክብ በኋላ የገዢው። «እስከ ቤት ድረስ» የሚለው በደረሰኙ፣ በማስታወቂያው ወይም በስልክ መልእክት ተጽፎ ካለ ርክክቡ ቤትዎ ነበር። የጀጎል ጠባብ መተላለፊያ መኪና እንደማያስገባ በሐረር የሚሸጥ ሁሉ ያውቃል፤ ተሸካሚም ማዘጋጀት የእሱ ድርሻ ነበር። ሆኖም ተሸካሚዎቹን የቀጠሩትም የከፈሉትም እርስዎ ስለሆኑ ሻጩ «ፈረስ መጋላ ላይ ተረክበሃል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ካርቶኑ ነው የሚናገረው። ስንጥቁ እንደ ሸረሪት ድር ከአንድ ነጥብ የሚነሳ ከሆነ ነጥቡን ይለኩ፣ ካርቶኑ ላይ በዚያው ልክ የተቀደደ ወይም የገባ ቦታ አለ ወይ? ካለና ፈረስ መጋላ ላይ ሲወርድ ያነሱት ፎቶ ላይም ከታየ ጉዳቱ በመኪናው ላይ ደርሷል። ፎቶ ከሌለ በወቅቱ የነበሩትን ተሸካሚዎች ይጠይቁ፣ ምስክር ናቸው። ካርቶኑም ፎሙም ንጹሕ ሆኖ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከመጫኑ በፊት መሰበሩም ይቻላል፤ ይህንንም በደብዳቤዎ ያንሱት።

በዋስትና ወረቀቱ ላይ አይመኩ። የአምራች ዋስትና የተሰነጠቀ ስክሪን አይሸፍንም፣ ለዚህ ነው ቴሌቪዥን በርክክብ ሰዓት በርቶ መታየት ያለበት። ለሌሎች አንባቢዎች፦ ፈረስ መጋላ ላይ ካለ ሱቅ ሶኬት ለምነው ሾፌሩ ሳይሄድ ያብሩት፣ ነጭና ጥቁር ስክሪን ለአንድ ለአንድ ደቂቃ ይዩ፣ በስልክ ይቅረጹት፣ መልሰው ያሽጉት። ከዚያ እስከ ቤት በሁለት ሰው፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይሂድ። በራስ ላይ ተጋድሞ ወይም ባጃጅ ውስጥ ተኝቶ የሄደ ሰፊ ስክሪን በራሱ ክብደት ይታጠፍና ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ምንም ሳይታይ።

ጥያቄ፦ 2,000 ሊትር ሮቶ አምጥተው ከመኪና ወረወሩት። ውሃ ስሞላው ከታች ያንጠባጥባል። ሻጩ «መቆሚያህ ነው» ይላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሲሞላ 2 ቶን ውሃ ነው የሚሸከመው፤ ከሥሩ ሙሉ በሙሉ የሚያስቀምጠው ጠፍጣፋ ወለል ይፈልጋል። መቆሚያዎ ተራርቀው የተበየዱ ጥቂት ብረቶች ብቻ ከሆነ፣ ስንጥቁም በብረቶቹ አቅጣጫ ከሄደ ጉዳቱ የመቆሚያው ነው፤ ሻጩን መክሰስ አያዋጣም። ስንጥቁ ጎኑ ላይ ወይም የታችኛው ጥግ ላይ ሆኖ ዙሪያው ነጣ ያለ የምት ምልክት ካለው ግን ከውርወራው ነው። የሚያንጠባጥበው በቧንቧው መውጫ ከሆነ መጀመሪያ ጎማውን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ተጣሞ ገብቶ ነው። የተሰነጠቀ አዲስ ሮቶ በሙቀት ቢጣበቅ አይቀበሉ፣ ፀሐይና የውሃው ክብደት ያንኑ ቦታ መልሰው ይከፍቱታል። ወደፊት መሬት ላይ እንዳለ፣ ሰገነት ላይ ሳይወጣ፣ ውሃ ጨምረው ይፈትሹት።

ጥያቄ፦ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ገና በመጀመሪያው ቀን እየዘለለ ከቦታው ተንቀሳቀሰ፣ ውስጡም ይንኳኳል። በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ያጥፉትና ከጀርባው ይመልከቱ። ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ከበሮው በጉዞ እንዳይንገላታ በ3 ወይም በ4 ረጃጅም ብሎኖች ታስረው ነው የሚመጡት። ሳይፈቱ ከተሠራበት ልክ እንደጻፉት ይዘላል። በመፍቻ ያውጧቸው፣ አብሮ በመጣው ፕላስቲክ ቀዳዳዎቹን ይድፈኑ፣ ብሎኖቹን ያስቀምጡ፤ ቤት ሲቀይሩ ያስፈልጋሉ። ከተፈቱም በኋላ የሚንኳኳ ከሆነ ጉዳት አለ፣ ይጻፉ። የሻጩ ሠራተኛ ራሱ ተክሎት ብሎኑን ያልፈታው ከሆነ ጥፋቱ የሻጩ ነው፤ ብሎኖቹ ከመፈታታቸው በፊት ፎቶ ያንሱ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም አይቼ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ምጣድ አስላክሁ። በቴሌብር ነው የከፈልኩት፣ ደረሰኝ የለኝም። ሲደርስ ሸክላው ለሁለት ተሰንጥቋል። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለዎት። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በቃልም ይጸናል፤ ደረሰኝ ማስረጃ እንጂ የመብቱ ምንጭ አይደለም። ደረሰኝ አለመስጠቱ የነጋዴው ጥፋት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ ንግግራችሁና የቴሌብር መልእክቱ ያገለግላሉ። ሻጩ ንግግሩን ከሁለቱም በኩል ሊያጠፋው ስለሚችል ግን ዛሬውኑ በስክሪን ፎቶ ያስቀሩት። ስሙ፣ ስልኩ፣ የዕቃው ሥዕል፣ ዋጋው፣ የክፍያው ቁጥርና ቀኑ ይታይ።

ከባዱ ጭነቱ ነው። አጓጓዡን የመረጡትና የከፈሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ሻጩም አዲስ አበባ ላይ ደህና አድርጎ ካስረከበ፣ ጥያቄዎ ወደ አጓጓዡ ነው፤ ድሬዳዋ ሲረከቡ እዚያው ጭነት ቢሮ ከፍተው ማየትና ጉዳቱን በጭነት ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ ነበረብዎት። ሻጩ ራሱ ልኮት ከሆነ፣ ወይም ሸክላውን ያለ ፎምና ያለ ጭድ በስስ ካርቶን አሽጎት ከሆነ፣ እሱ ይጠየቃል። የማሸጊያውን ውስጥ ፎቶ ያንሱ።

ጥያቄ፦ የቁም ሳጥኔ በር ተፍቆ ደረሰ። «ትንሽ ልቀንስልህና ተወው» አሉኝ። ልቀበል?

መልስ፦ ጭረቱ ቀለም ላይ ብቻ ከሆነና ቅናሹ በሩን ለማስቀባት ከበቃ መቀበል ጥሩ ነው፤ ብዙ ድካም ይቀርልዎታል። ጠርዙ ተላጦ የተጨመቀው እንጨት ከታየ ግን እርጥበት ይገባውና ያብጣል፣ በሩን ያስቀይሩ። ከተቀበሉ በወረቀቱ ላይ «ብር ____ የተቀነሰልኝ በግራ በር ላይ ላለው ጭረት ብቻ ነው» ብለው ይጻፉ። «ጥያቄ የለኝም» በሚል ጥቅል ቃል ከፈረሙ፣ በወሩ ማጠፊያው ሲወልቅ ያንኑ ወረቀት ያሳዩዎታል።