አባትህ «ኢንጂነሩ ልጄ» ሲሉህ ለምን አንገትህን ደፋህ?

ከባሕር ዳር ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በ2014 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመረቅክ፤ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የሥራ ማስታወቂያ ስታሳድድ ከረምክ፤ ከዚያ የጓደኛህ አጎት ፈርኒቸር ቤት ገባህ። አሁን ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት ትሠራለህ፣ ደንበኛ አንተን ብሎ ይመጣል፣ ሥራውን እንደምትወደውም ራስህ ጽፈሃል። አባትህ ግን ለአገሬው ሁሉ «ፕሮጀክት ላይ ነው» ይላሉ። በእህትህ ሰርግ ላይ «ኢንጂነሩ ልጄ» ብለው ሲያስተዋውቁህ አንገትህን ደፋህ። ስለ ማስተርስ፣ ስለ ዱባይና በሲቪህ ላይ ስላለው ክፍተት ጠይቀኸኛል፤ እመለስበታለሁ። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻ ላይ ያሰፈርካት ጥያቄ ናት፦ «ጋሼ፣ መሐንዲስ ካልሆንኩ እኔ ማን ነኝ?»

እስቲ መሐንዲስ እንዴት እንደሆንክ እንይ። ውጤትህ ጥሩ ስለነበር ተፈጥሮ ሳይንስ ገባህ። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ፎርም ሞላህ፣ ምደባው ወጣ፣ ዘመድ እልል አለ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ሰባ በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ የሚያዘው የ70/30 ፖሊሲ በሥራ ላይ ነበር። አንተ «መረጥኩ» ብለሃል፤ በእኔ አስተያየት ግን የመረጡልህ ነጥብህና ፖሊሲው ናቸው። ምን እንደምትወድ የጠየቀህ ሰው በደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሻ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት ወጣቶችን በሁለት ጥያቄ ይለካቸው ነበር፦ አማራጮቹን ፈትሿል ወይ? የያዘውንስ «የኔ» ብሎ ቆርጦበታል ወይ? ምንም ሳይፈትሽ ቤተሰብ የሰጠውን የሚይዝ አለ። እየፈተሸ ገና ያልቆረጠም አለ። በተመረቅክ ዕለት አንተ የመጀመሪያው ነበርክ፣ ዛሬ ሁለተኛው ነህ። አንተ ይህንን «ጠፋሁ» ብለኸዋል። እኔ ግን ጋዋን ለብሰህ ፎቶ ከተነሣህበት ቀን ይልቅ ዛሬ ራስህን የምታውቅ ይመስለኛል።

ማርሻ የተነሣው ከሥነ ልቦና ሊቁ ከኤሪክ ኤሪክሰን ሐሳብ ነው፤ የኤሪክሰን ሕይወት ደግሞ ላንተ ሩቅ አይሆንብህም። የእንጀራ አባቱ የሕፃናት ሐኪም ነበር፣ ልጁም ሐኪም እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ልጁ ሥዕል ይዞ አውሮፓን ሲዞር ቆየ፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ቪየና ውስጥ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ገባ፣ የሕይወት ሥራውንም እዚያው አገኘ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው ሃርቫርድ ላይ ፕሮፌሰር እስከመሆን ደረሰ። ዲግሪህን ጣል ለማለት አላነሣሁትም። ያነሣሁት ካስተማረው አንዱ ነገር በቀጥታ አንተን ስለሚነካ ነው፦ ሰው ማንነቱ የሚጸናለት እሱ ራሱን የሚያይበትና ሌላው እሱን የሚያይበት ዓይን ሲገናኙ ነው።

አንተ ጋ አልተገናኙም። ሁለት ዓመት የሠራኸውን ሥራ ከደንበኞችህና ከጥቂት ጓደኞችህ በቀር የሚያውቅልህ የለም። ሰርጉ ላይ ከመቅረብህ በፊት ጥፍርህ ውስጥ የገባውን ኮላ በምላጭ ስትፍቅ እንዳመሸህ ጽፈሃል። የምትኖርበት ሥራ ተደብቋል፣ የማትኖርበት ስም በአደባባይ ይጠራል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለህ ማን እንደሆንክ ቁጭ ብለህ ብታስብ መልሱ አይመጣልህም፤ መጀመሪያ መደበቁ መቆም አለበት።

እፍረቱም ካንተ አልጀመረም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ስንት ዘመን ተሰድበው ኖረዋል! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። መቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ቢቀንስም እፍረቱ ዛሬም ቤታችን ውስጥ አለ። ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ብረታ ብረት አስተምር በነበረ ጊዜ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚመጣ ወላጅ «ምን ይደረግ፣ ነጥብ ስላልመጣለት ነው» ይለኝ ነበር፣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ። እጁ ገና ብረት ሳይነካ የወደቀ ሰው ተደርጎ ይገባል። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አባትህ ላንተ በሬ ሸጠዋል፤ ውለታቸው እውነተኛ ነው፣ አላቃልለውም። ግን ውለታቸውን የምትመልሰው ሲያረጁ ደግፈሃቸው፣ ታናናሾችህን አስተምረህ ነው። የድግስ ላይ ማዕረግ ሆነህ መቆም የማንንም ሆድ አይሞላም። «በሚመጣው ዓመት መሥሪያ ቤት ይገባል» እያሉ ሲጠብቁ አንተ ደግሞ የምትልከው ብር ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ በጓደኛ ስም ትልካለህ። ለዲግሪህ የወጣው ገንዘብ በዚህ መንገድ አይመለስም፣ ይልቁንም አባትና ልጅ መተማመናችሁን ታጣላችሁ።

ንገራቸው። በስልክ አይሁን፣ አጎትህንም አትላክ። ባሕር ዳር አምጣቸው፣ ፈርኒቸር ቤቱን ያሳያቸው ሰው አንተ ሁን። ደንበኛ ፊት ቆመህ ንድፍ ስታወጣ፣ ዋጋ ስታሰላ ይዩህ። በወር የምታገኘውን በቁጥር ንገራቸው። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ይቆጡ። በዚያው ቀን «እሺ» እንዲሉህም አትጠብቅ፣ እሳቸውም ለሰው የነገሩትን ለመመለስ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ደግሞ «ኢንጂነር» የሚለውን አውርደህ ሙሉ ሕይወትህን በእንጨት ላይ እንዳትሰቅል። ግንባታ ሲቀዛቀዝ ከማዕረጉ ሌላ ምንም ያልነበራቸው የክፍል ጓደኞችህ እንዴት እንደተሰበሩ ጽፈህልኛል። የኮምፔልሳቶና የኤምዲኤፍ ዋጋም አንድ ቀን ይንርና ሥራ ይቆማል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሩን ልጆች ሒሳብ ታስጠናለህ፤ አትተወው። ምህንድስናውም የትም አልሄደም፦ መደርደሪያው ስንት ኪሎ እንደሚችል ሳትገምት የምታሰላው በእሱ ነው።

ማስተርስ ለጊዜው ይቆይ፤ የጠየቀህ ቀጣሪ የለም፣ አንተም የፈለግከው አባትህን ሌላ ሁለት ዓመት ለማቆየት ነው። ዱባይ በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ መፈለግን አልመክርህም፤ የሥራ ውል በእጅህ ሲገባ ያን ጊዜ ጻፍልኝ። ሲቪህ ላይ ከተመረቅክ በኋላ ያለው ዓመት ከመንፈቅ የብዙ ተመራቂ ታሪክ ስለሆነ ማንም አይደነቅበትም፤ ከዚያ በኋላ «ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የፈርኒቸር ዲዛይንና ምርት» ብለህ የሠራሃቸውን ፎቶ አያይዝ። በእንጨት ሥራ ሙያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተመዘን፤ ወደፊት የራስህን ቤት ከፍተህ ማሽን በሊዝ ልውሰድ ብትል ሙያውን በወረቀት ማሳየቱ አይጎዳህም።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ። ከጓደኛህ አጎት ጋር «እንደ ቤተሰብ ነው የምንሠራው» ብለሃል፤ አንዳንድ ወር የሚሰጥህ እንደ ገበያው እንደሆነም ጠቅሰሃል። ደንበኛ አንተን ብሎ እየመጣ ከሆነ ድርሻህ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቁርጥ ደመወዝ ይሁን ወይ ከእያንዳንዱ ሥራ በመቶ ይታሰብልህ፣ ተነጋገሩበት። አባትህን ከመጥራትህ በፊት ይህን ጨርስ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ስንት እንደምታገኝ ነው።